አንቀጽ 39 እና መገንጠል፦ በየበርጫው የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ በርጫ ላይ ወሬ ከሞቀ መጨረሻው ፖለቲካ ነው፣ ፖለቲካው ከተካረረ ደሞ መድረሻው ለብሔሮች የመገንጠል መብት የሚሰጠው የህገ መንግስታችን አንቀጽ 39 ነው። አንዱ "ሀገር ያፈረሰው ይሄ አንቀጽ ነው" ይላል፣ ሌላው "መብቴ ነው ስፈልግ እሄዳለሁ" ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንቀጹን ገልጠው አላነበቡትም። አንድ ብሔር ከትልቅ ሀገር ወጥቶ ራሱን ይቻል ወይ የሚለው ነገር የሚሊዮን ሰው እጣ ነው፣ በተሳሳተ መረጃ ስንጨቃጨቅበት ከምር ያናድደኛል። የኔን አቋም ልናገርና ልግባ፤ መብቱ ህግ ውስጥ ይኑር ባይ ነኝ፣ መውጣትን ግን እንደኛ ተደበላልቆ ለሚኖር ህዝብ አልመክርም። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር የኢትዮጵያና የኤርትራ ዓመቶች በኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የሌሎቹ ሀገሮች በፈረንጆች።)

"ኤርትራ የሄደችው በአንቀጽ 39 ነው"

ይሄን ያልሰማ የለም፣ ግን ስህተት ነው። ኤርትራ ሪፈረንደም (ህዝበ ውሳኔ) ያካሄደችው ሚያዝያ 1985 ነው፣ ነጻነቷ በይፋ የታወጀው ግንቦት 16 ቀን 1985፤ ህገ መንግስቱ የጸደቀው ደሞ ህዳር 29 ቀን 1987 ነው። አንቀጹ ሲጸድቅ ኤርትራ ከሄደች ቆይታለች። የሄደችውም ከ30 ዓመት ጦርነት በኋላ ነው፣ 99.8 በመቶ "አዎ" ያለበት ድምጽ መሬት ላይ ያለቀውን ነገር ነው ያጸደቀው። አንቀጽ 39ን መውቀስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

"ምክር ቤቱ ከወሰነ በቃ፣ በማግስቱ ሀገር ነን"

አንቀጹ መብቱ አይገደብም ስለሚል ሰዉ እዛው ላይ ማንበቡን ያቆማል፣ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ አይደርስም። መጀመሪያ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ጥያቄውን መቀበል አለበት። ከዛ የፌዴራል መንግስት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሪፈረንደም ያዘጋጃል፣ እዛም በአብላጫ ድምጽ መደገፍ አለበት። ከዛ ፌዴራል ስልጣኑን ያስረክባል፣ በመጨረሻም የንብረት ክፍፍል በህግ ይደረጋል። ይሄን መንገድ ጀምሮ የጨረሰ ብሔር እስከዛሬ የለም።

ንብረት ክፍፍሏ አንድ መስመር ናት ግን እሷ ናት ከባዷ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሄዳችሁ የድሮውን ባቡር ጣቢያ እዩት። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ሀዲዱ እዚህ ስለደረሰ ነው፣ መስመሩን የፈረንሳይ ኩባንያ ነው የሰራው፣ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ስትወጣ ከፊሉ ሀዲድ ሌላ ሀገር ውስጥ ቀረና ባቡሩ የሁለት መንግስታት የጋራ ድርጅት ሆነ። አሁን አንዱ ክልል ወጣ እንበል፣ አዲሱ ባቡር የማን ነው፣ ብድሩን ማን ይከፍላል፣ መብራቱ ከየት ይመጣል፣ የጡረተኛው አበል ከየትኛው ካዝና? "በህግ ይደረጋል" የምትለዋ ቃል ስር ይሄ ሁሉ አለ።

"ክልል መሆንና መገንጠል ያው ነው"

አይደለም። ክልል መሆን አንቀጽ 47 ነው። ሲዳማ ህዳር 2012 ድምጽ የሰጠው ክልል ለመሆን ነው፣ ሆነም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለው። ድምጽ መስጫ ሳጥን ባየ ቁጥር "ሀገር ተበተነ" የሚል ሰው ይሄን ይያዝልኝ።

"ከግማሽ በላይ ካገኘ ማንም አያስቆመውም"

እንደየሀገሩ ህግ ይለያያል። በእኛ ህገ መንግስት ሪፈረንደሙ ላይ አብላጫ ይበቃል፣ ሌላ ቦታ ግን አይበቃም። ኔቪስ የምትባል የካሪቢያን ደሴት በ1998 ከሴንት ኪትስ ለመለየት ድምጽ ሰጥታ 62 በመቶ ገደማ "አዎ" አለ፣ ህጉ ግን ሁለት ሦስተኛ ስለሚጠይቅ እስካሁን አብረው ናቸው። ሞንቴኔግሮ በ2006 መስፈርቱ 55 በመቶ ነበር፣ 55.5 አግኝታ ለጥቂት አለፈች። እኔ ከፍ ያለውን መስፈርት ነው የምደግፈው፣ ምክንያቱም 51 ለ49 የወጣ ሀገር ግማሽ ህዝቡ ሳይወድ ነው የወጣው።

"ህዝብ አንዴ ከመረጠ ጥያቄው ተዘጋ"

ጅቡቲ አፍንጫችን ስር ናት፣ ስንቶቻችን ታሪኳን እናውቃለን? በ1958 ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ አሉ፣ በ1967 ድጋሚ እንቆይ ተባለ (ያኔ ብዙ ሶማሌዎች ከመራጭ ዝርዝር ውጭ መደረጋቸው ትልቅ ጭቅጭቅ ነበር)፣ በ1977 ግን በከፍተኛ ድምጽ ወጡ። ኩቤክም በ1980 እና በ1995 ሁለቴ ድምጽ ሰጥታ ሁለቴም ካናዳ ውስጥ ቀርታለች፣ ሁለተኛው ላይ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ትንሽ ነበር የሚበልጠው።

"ነጻነት ካወጅን ዓለም ይቀበለናል"

የድንበሯን ከተማ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ሶማሊላንድ፣ ሀርጌሳ የነገደ የድሬ ሰው ይሄን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ሶማሊላንድ በ1991 ነጻነት አወጀች፣ የራሷ ገንዘብ አላት፣ ፓስፖርት አላት፣ ምርጫ ታካሂዳለች፣ ያም ሆኖ 30 ዓመት ሙሉ እውቅና የሚሰጣት ሀገር ሳታገኝ ኖረች። በ1960 ለጥቂት ቀናት ነጻ ሀገር ነበርኩ ብላ የቅኝ ግዛት ድንበሯን ማሳየት እየቻለች እንኳ ማለት ነው። የአፍሪካ መንግስታት በ1964 ካይሮ ላይ በነጻነት ጊዜ የነበረው ድንበር እንዳይነካ ከተስማሙ ወዲህ በሩ በጣም ጠባብ ነው።

"ሀብቱ እኛ ጋር ስላለ ከወጣን እንበለጽጋለን"

ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትወጣ አብዛኛውን ነዳጅ ይዛ ነው የወጣችው፣ ቧንቧው ግን በሰሜኑ፣ በሱዳን በኩል ነው ወደብ የሚደርሰው። በማስተላለፊያ ክፍያ ተጣሉና በ2012 መጀመሪያ ምርቱን ራሷ አቆመችው። በ2013 ታህሳስ ደሞ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች።

"ዜግነት በኋላ ይታያል"

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ኤርትራ ስትወጣ የዜግነቱ ነገር በደንብ ሳይቋጭ ታለፈ፣ ያኔ ሰላም ስለነበር ማንም አላስጨነቀውም። በ1990 የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ መጣ፣ ግንቦት ላይ የሁለቱ ሀገሮች ጦርነት ፈነዳ፣ እዚህ ተወልደው ያደጉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች "ኤርትራዊ ናችሁ" ተብለው ተባረሩ፣ ለሪፈረንደሙ ብለው ያወጡት መታወቂያ ማስረጃ ሆነባቸው። ከኤርትራም የተባረሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ባልና ሚስት ተለያይተዋል፣ ሱቅና ቤት ሜዳ ላይ ቀርቷል።

አሁን ይሄን ድሬ ላይ አስቡት። አባቱ ኦሮሞ እናቱ ሶማሌ ሚስቱ አማራ ወይ ሀረሪ የሆነ ሰው እዚህ ብርቅ አይደለም፣ እሱ የቱ ጋር ይመዘገባል ልጆቹስ? ስኮትላንድ ለ2014ቱ ድምጽ ስትዘጋጅ መንግስቷ ከ600 ገጽ በላይ ሰነድ አውጥቶ ዜጋ ማን እንደሆነ፣ ጡረታ እንዴት እንደሚከፈል፣ ምን ገንዘብ እንደሚጠቀሙ ቀድሞ ጻፈ፣ ህዝቡም ያንን እየጠቀሰ በተለይ በፓውንዱ ጉዳይ ወራት ተከራከረ፣ በመጨረሻም 55.3 በመቶው "አይሆንም" አለ። እኛ ጋር መገንጠልን የሚሰብክም ሆነ አንቀጹ ይሰረዝ የሚል ፖለቲከኛ ሲመጣ እንደዛ ያለ ወረቀት እንጠይቀው፣ በተለይ የዜግነቱን ገጽ።