ሀርድል ምንድን ነው? ዳይቨሮች ውሃ ከመግባታቸው በፊት የሚዘሏት ዝላይ

መጀመሪያ ከስሙ እንገላገል። ሀርድል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአትሌቲክሱ የመሰናክል ሩጫ ነው። በዳይቪንግ፣ ከሳንቃ ላይ ዘሎ ውሃ ውስጥ በመግባት ስፖርት፣ ግን የሚዘለል መሰናክል የለም። ዳይቨሩ በሚነጥረው ሳንቃ ላይ ሦስት አራት እርምጃ ይራመዳል፣ በአንድ እግሩ ይነሳል፣ አየር ላይ እግሮቹን ይገጥማል፣ ከዚያ የሳንቃው ጫፍ ላይ በሁለቱም እግሩ ያርፋል። ያቺ አጭር ዝላይ ናት ሀርድል የምትባለው።

ውድድር ስናይ ዓይናችን የሚሄደው አየር ላይ ወዳለው መገለባበጥ ነው። አሰልጣኝ ግን እግር ነው የሚያየው። እግር ከሳንቃው ከለቀቀ በኋላ ምን ያህል ከፍ እንደምትል፣ ምን ያህል ርቀህ እንደምትሄድ አልቋል። አየር ላይ ብትንፈራገጥ ምንም አትጨምርም። ስለዚህ አየር ላይ የተበላሸ የሚመስለን ዳይቭ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ገና ሳንቃው ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? ጫፉ ላይ ቆሞ መዝለል አይቻልም? ይቻላል፣ ግን ሳንቃው ብዙም አያግዝህም። የውድድር ሳንቃ ከአሉሚኒየም የሚሠራ ሲሆን ርዝመቱ 4.8 ሜትር አካባቢ፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ነው። አንዱ ጫፉ ታስሯል፣ ከስሩ መደገፊያ አለው፣ ሌላው ጫፍ ከውሃው በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ የወረደ ሰውነት ሲያርፍበት ቆሞ ከሚገፋው ሰው በጣም የበለጠ ይለመጣል። የተለመጠውን ያህል ደግሞ መልሶ ይወረውራል። ሀርድል የሚዘለለው ለመውጣት ሳይሆን ለመውረድ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሳንቃውን እንደ መሬት ያየዋል። እግሩ እንደነካ ወዲያው ይዘላል። ሳንቃው ግን ያን ጊዜ ገና ወደ ታች እየሄደ ነው፣ ስለዚህ ከስርህ ከሚሸሽ ወለል ላይ እንደ መዝለል ይሆናል፤ የሚሰማህም ባዶ መርገጥ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ በእግር ጣቶችህ በኩል በለስላሳው ታርፋለህ፣ ተረከዝ ይከተላል፣ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፏል። ሳንቃው ሲወርድ አብረኸው እየወረድክ ጉልበትህን እየዘረጋህ ወደ ታች ትገፋዋለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። ይቺ መጠበቅ ከሰከንድ ያነሰች ናት፣ ግን ለጀመረ ሰው ዓመት ትመስላለች። ሳንቃው ተመልሶ ሲመጣ አንተ ቀጥ ብለህ ቆመሃል፣ እሱ ራሱ ያነሳሃል።

እጅም የራሱ ሥራ አለው። ሀርድሉ ላይ ስትነሳ አንዱ ጉልበት ጭኑ አግድም እስኪሆን ይነሳል፣ ሁለቱም እጆች ወደ ላይ ይወጣሉ። ከላይ ስትመጣ እጆቹ በጎን ተከፍተው ወደ ኋላና ወደ ታች ይዞራሉ፣ ልክ እግር ሳንቃውን ሲነካ በዳሌ በኩል አልፈው በፊት በኩል ወደ ላይ ይወነጨፋሉ። እጅ ወደ ላይ ሲወነጨፍ እግር ሳንቃውን ይበልጥ ይጫነዋል። እጅ ከዘገየ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ መሬት ላይ፣ መስመር ተሰምሮ፣ መቶ ጊዜ የሚደጋገመው። ያሰለቻል፣ አዎ። ሳንቃው ላይ ከተወጣ በኋላም መጀመሪያ ውሃ የሚገባው በእግር ነው፣ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ።

ዓይንስ? እስክታርፍ ድረስ የሳንቃው ጫፍ ላይ ነው። ቀድመህ ውሃውን ካየህ ደረት ወደ ፊት ይጎተታል፣ ሰውነት ይዘነበላል፣ ዝላዩም ወደ ላይ መሄዱ ቀርቶ ወደ ፊት ይሄዳል። በተቃራኒው በጣም ቀጥ ብሎ መውጣትም አደጋ አለው። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ አሜሪካዊው ግሬግ ሉጋኒስ ወደ ፊት ተራምዶ ወደ ሳንቃው የሚገለበጥ ዳይቭ ሲሠራ በቂ ርቀት ስላላገኘ ጭንቅላቱ ሳንቃውን መታው። ተሰፍቶ ተመለሰ፣ ወርቁንም ወሰደ። ያ ሰው በዘመኑ አንደኛ የሚባል ዳይቨር ነበር እንግዲህ።

ስለ መደገፊያው አንድ ነገር ልጨምር። ከሳንቃው ስር፣ በጎን በኩል፣ በእግር የሚዞር ጎማ አለ። መደገፊያውን ወደ ውሃው ካስጠጋኸው ሳንቃው ይጠነክራል፣ ቶሎ ይመልስሃል። ወደ ኋላ ከሳብከው ይለሰልሳል፣ በደንብ ይለመጣል፣ ግን ብዙ መጠበቅ ይፈልጋል። ጀማሪ ወደ ውሃው አስጠግቶ ቢጀምር ይሻለዋል። ጓደኛህ የለመደበት ቦታ ለአንተ ላይሆን ይችላል፤ ክብደትም ምትም ይለያያል።

እርምጃውን ከየት ልጀምር ለሚል ደግሞ ዘዴው ቀላል ነው። የሳንቃው ጫፍ ላይ ጀርባህን ለውሃው ሰጥተህ ቁም። ከዚያ እርምጃህንና ሀርድልህን ወደ ታሰረው ጫፍ አቅጣጫ ሥራ። ያረፍክበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ፣ መነሻህ እሱ ነው። አንዴ ምልክት አደረግኩ ብለህ ግን አትተወው። ሰውነት ሲሟሟቅ እርምጃ ይረዝማል፣ ሲደክም ያጥራል፣ በማግስቱ ስትመጣ ደግሞ ግማሽ ጫማ ተንሸራቶ ታገኘዋለህ።

እርምጃው እንደተዛባ መሃል ላይ ካወቅክስ? በውድድር ከጀመሩ በኋላ ቆሞ እንደገና መጀመር ከእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ ላይ 2 ያስቀንሳል፣ ዳኛ የሚሰጠው ደግሞ ከ10 ነው። ልምምድ ላይ ግን ማንም ነጥብ አይዝብህም። ቁም፣ ተመለስ፣ እርምጃህን እንደገና ቁጠር።