ስኳር ድንች በጅማ፦ አመራረቱና ገበያው

ስኳር ድንች፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ሚጣጢሳ፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከቡና፣ ከበቆሎና ከጎደሬ ጎን የሚመረት የሥራሥር ሰብል ነው። ስሙ ከድንች ጋር ቢያመሳስለውም ሁለቱ በዝምድና የተራራቁ ናቸው፤ ድንች ከቲማቲምና ከቃሪያ ወገን ሲሆን ስኳር ድንች ግን መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ነው፤ የሚበላውም የወፈረው ሥሩ ነው። መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ሲሆን ወደ አፍሪካ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በባሕር ንግድ እንደገባ በስፋት ይታመናል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,750 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ሲሆን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ለስኳር ድንች ከበቂ በላይ ነው። መሬቱ ውኃ ሲቋጥር ሐረጉ ይንሰራፋል፣ ሥሩ ግን ሳይወፍር ይቀራል ወይም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አፈሩን በመስመር ቆልሎ ከፍ ባለው ላይ መትከል በጅማ የግድ ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማ ቢሆንም ሰብሉ ይህን ከገብስና ከባቄላ በተሻለ ይችላል። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ለሥሩ መወፈር የሚያስፈልገው ፖታሲየም ነው። ከቡና መቀሸሪያ የሚወጣው ገለባ በዚህ ንጥረ ነገር የበለጸገ በመሆኑ፣ በሚገባ ተብላልቶ ኮምፖስት ሲሆን ሌላው አካባቢ በቀላሉ የማያገኘው የጅማ ሀብት ነው።

ለዞኑ ገበሬ በቅርብ የሚገኙት የዕውቀት ምንጮች በጅማ አቅራቢያ በመልኮ ያለው፣ በቡና ምርምር ስሙ የታወቀው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እና አንጋፋው የእርሻ ኮሌጅ ናቸው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952 በኦክላሆማ መምህራን እርዳታ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። የስኳር ድንች ዝርያ ማሻሻል ሥራ ግን በዋናነት ከሀዋሳ የሚመራ ነው። ሥጋው ነጭ የሆነው ሀዋሳ-83 እና እ.ኤ.አ. በ2005 የተለቀቁት ብርቱካናማዎቹ ቁልፎና ቱላ ከዚያ የወጡ ናቸው። ብርቱካናማው ሥጋ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን በብዛት ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. የ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትም በዚህ ዓይነት ስኳር ድንች ላይ ለሠሩ ተመራማሪዎች ተሰጥቷል። ሆኖም ብዙ በላተኞች ሲቀቀል ደረቅና ዱቄታማ የሚሆነውን ነጩን ስለሚመርጡ፣ ለገበያ የሚያመርት ሰው ሁለቱንም ቢይዝ ይሻላል።

የትርፉ ጉዳይ የሚጀምረው ከሐረጉ ነው። ስኳር ድንች የሚተከለው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም የሐረግ ቁራጭ ሲሆን፣ ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው ከነአንጓዎቹ አፈር ይለብሳል። በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተጠብቆ ሲተከል ለሩብ ሄክታር ወደ 14 ሺህ ቁራጭ ያስፈልጋል። በጅማ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ሐረጉ ይደርቃል፣ የተረፈውንም ከብት ይበላዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ሐረግ ፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ በጋውን ሐረግ አቆይቶ የሚያሳልፍ ገበሬ ከሌላው ቀድሞ ይተክላል፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ይሸጣል። ለዚህ ትልቅ መሬት አያስፈልግም፤ በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር የታጠረች ጠባብ መደብ በአንድ ካሬ ሜትር 50 ቁራጭ ትይዛለች። ውኃ የሌለው ሰው ጤነኛ ሥሮችን መርጦ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ቤት ያስቀምጥና፣ ዝናብ ሊገባ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ጓሮ ቀብሮ ውኃ እያጠጣ ሊያበቅል ይችላል።

ሐረጉን ከመሬት እያላቀቁ ማገላበጥ በዝናባማ አካባቢ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ምርት ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ሥሩን ስለሚቦረቡረው ትንሽ ጥንዚዛ፣ ስለ ስኳር ድንች ነቀዝ፣ ግን ክርክር የለም። ሥሩ ሲወፍር ከላዩ ያለው አፈር ይሰነጠቃል፤ ገበሬው ሰብሉ መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ስንጥቅ ነው፣ ነቀዙም ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚሁ ነው። ነቀዝ የቦረቦረው ሥር ይመራል፣ ይሸታል፤ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ቢጎዳም አይሸጥም። ስንጥቁን በአፈር መድፈን፣ ንጹሕ ሐረግ መትከል፣ ከአምናው ማሳ መራቅና የደረሰውን አለማቆየት ከየትኛውም መድኃኒት የተሻሉ መከላከያዎች ናቸው። ቅጠሉ የተጨማደደና የቀጨጨ ተክል ቫይረስ የያዘው ሊሆን ስለሚችል ከእርሱ ሐረግ መቁረጥ አይገባም። ጃርትና ፍልፈልም ጠላቶቹ ናቸው።

ሰብሉ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። በሰኔ የተተከለው የሚቆፈረው በኅዳር ገደማ ሲሆን፣ ይህ የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፣ የሁሉም ምርት አንድ ላይ ስለሚወጣም ዋጋው ይወርዳል። በአንጻሩ በወንዝ ዳር እርጥበት በጥር የተተከለው የሚደርሰው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የጎተራ እህል ሲያልቅና የበቆሎ እሸት ገና ሲሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት፣ በጅማ ስኳር ድንች ከጓሮ ቀለብነት ወደ ገቢ ምንጭነት የሚሸጋገረው በዚህች የወራት ልዩነት ነው። ማሳውን ከፋፍሎ በየሦስት ሳምንቱ የሚተክል ሰው ደግሞ ገበያውን ያለማቋረጥ ያገኛል።

የጅማ የሐሙስ ገበያ፣ በቀድሞ ስሙ የሂርማታ ገበያ፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። ዛሬ ስኳር ድንች ለጅምላ በኬሻ፣ ለቤት በመደብ (በትንንሽ ክምር) ወይም በኪሎ ይሸጣል፤ ተቀቅሎም የቡና ቁርስ ይሆናል። ሻጯ አንዱን ሥር ሰብራ ታሳያለች፤ ከስብራቱ ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ካንጠባጠበ ሥሩ ትኩስ ነው። ለቁፋሮ ሳይደርስ የወጣ ከሆነ የተቆረጠው ፊት ቶሎ ይጠቁራል። ልጡ የተላጠ ሥር ቶሎ ስለሚበሰብስ በቁፋሮው ቀን መለየትና ቀድሞ መሸጥ ያስፈልጋል። ጤነኛው ሞቅና እርጥብ ባለ ጥላ ሥር ከአራት እስከ ሰባት ቀን ቢቆይ ቁስሉ ይሽራል፣ ሳይበላሽም ይሰነብታል። ደቃቃውና ሐረጉ ለከብት መኖ ይውላሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ለመጪው ዓመት የሚተከለው ሐረግ ተቆርጦ ወደ ወንዝ ዳሯ መደብ ይሄዳል።