"ዝም ብለህ ቻለው" ቡድሂዝም አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከፋውን ሰው "እንደ ቡድሂስቶቹ ዝም ብለህ ቻለው" የሚሉ አሉ። ምክሩ ሰውን ይጎዳል፤ ትምህርቱም እንዲህ አይልም።

"ሕይወት መከራ ብቻ ናት ይላሉ"

የቡድሃ ትምህርት መሠረት ከሆኑት አራት እውነቶች የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ የመጣ ወሬ ነው። መከራ አለ፤ አዎ። ግን ምክንያት አለው፣ ሊቆም ይችላል፣ የሚቆምበትም መንገድ አለ። ሦስቱን ትቶ አንዱን መያዝ ትምህርቱን ማጣመም ነው።

"የበረታ ሰው አያመውም"

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ቡድሃ ስለ ሁለት ፍላጻዎች አስተምሯል። ሰው በፍላጻ ሲወጋ ያመዋል፤ ይህን ማንም አያመልጠውም። ወዲያው ግን በራሱ ብስጭትና ምሬት ሁለተኛ ይወጋል። ከሥራ የተባረረን ሰው አስቡ። ድንጋጤው፣ የቤት ኪራዩ ጭንቀት የመጀመሪያው ነው። ሌሊት እየተገላበጠ "ድሮስ እኔ ምን እረባለሁ" የሚለው ሁለተኛው። የቡድሂዝም ልምምድ የሚሠራው በዚህኛው ላይ ነው። ዕንባን አይከለክልም። ቡድሃ ራሱ አንድ ቀን ጀርባውን ሲያመው "ጀርባዬን አሞኛል፣ ልረፍ" ብሎ ማስተማሩን ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ሰጥቶ ጋደም ብሏል። አላፈረበትም።

"የደረሰብህ የካርማህ ዋጋ ነው"

ካርማ ማለት የሰው ሥራና ሥራው የሚያመጣው ውጤት ነው። ሲቫካ የሚባል ሰው ቡድሃን ይህንኑ ጠይቆት ነበር። ቡድሃም ሕመም ከሰውነት መዛባት፣ ከአየር ለውጥ፣ ከሰው ጥቃትም ይመጣል አለው። ሁሉንም ባለፈ ሥራ ማሳበብ ስሕተት መሆኑንም ነገረው። ስለዚህ የታመመን ሰው "የእጅህን ነው ያገኘኸው" ማለት ጭካኔ እንጂ ቡድሂዝም አይደለም።

"መቀበል ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው"

ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣቶችን አሰባስቦ በቦምብ የፈረሱ መንደሮችን መልሶ አሠርቷል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 እ.ኤ.አ. ለኖቤል የሰላም ሽልማት ያጨው እሱን ነው። እጁን አላጣጠፈም።

"ሜዲቴሽን ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ ነው"

አይደለም። ሐሳብ ይመጣል፤ መምጣቱን አይቶ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከባድ ድባቴ ወይም አሰቃቂ ትዝታ ያለበት ሰው ብቻውን ዓይኑን ጨፍኖ መቀመጡ ሊያባብስበት ይችላል። እሱ ቀድሞ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክር።