«ምች መታው»፣ «ዓይን በላው»፦ የግቢ አትክልት ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አራት ኪሎ አካባቢ ከቤታችን ጀርባ ሁለት ትንንሽ መደብና ዘጠኝ ጀሪካን አትክልት አለን። ዘንድሮ ጎመኑና ቆስጣው ለጎረቤት ተረፈ፤ ካሮቱ እንደነገሩ ነበር፤ ቲማቲሙ ግን ለአንድ ድስት ስልስ እንኳን ሳይበቃ አለቀ። የምክር እጥረት አልነበረብንም። በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ይመክራል፤ እኔም የሰማሁትን ሳላጣራ ለሌላው መክሬያለሁ። ስህተት ሆነው ያገኘኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ክረምት ገባ፤ ቲማቲም የሚተከለው አሁን ነው»

ትልቁ ኪሳራችን ይኼ ነው። ለገበሬው ክረምት የዘር ወቅት ስለሆነ ለሁሉም ተክል እንደዚያው ይመስለናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ ቅጠል አንዴ ከራሰ በቀላሉ አይደርቅም። ቲማቲም ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል፤ በመቂና በዝዋይ በኩል በመስኖ በብዛት የሚመረተው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ሰኔ መጨረሻ ላይ የተከልናቸው 12 ችግኞች ነሐሴ ሳያልቅ አለቁ።

ከዝናቡ የተረፈውንም ብርዱ ይጠብቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ ለመሀል ከተማው የሚሻለው ጥር ላይ ችግኝ አፍልቶ የካቲት ላይ መትከል ነው፤ ከተቻለ ቀን የሞቀውን ሙቀት ማታ የሚመልስ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር። ክረምቱን ለጎመን፣ ለቆስጣና ለባሮ ሽንኩርት መተው ይሻላል።

«ምች መታው»

ቲማቲሙ ያለቀው እንዲህ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ቅጠሉ ከዳር ጠቆረ፤ ግንዱ ላይ ቡናማ ቁስል ወጣ፤ ያልበሰለው ፍሬ ሳይቀር ተበላሸ። ጎረቤታችን እማማ አይተው፣ «ልጄ፣ ምች ነው የመታው፤ ከዝናብ በኋላ ብልጭ የምትል ፀሐይ አትታመንም» አሉኝ።

ስሙ ምች ይባል፤ አልከራከርም። መንስኤው ግን ፀሐይ አይደለችም። ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው፤ ድንችን የሚያጠፋውም እሱ ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየርላንድን ድንች አውድሞ ያንን ትልቅ ረሀብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ነው። በነፋስና በዝናብ ይዛመታል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ከሆነ በቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሰዋል። ፀሐይማ ደህና አድርጋ ብትወጣ ቅጠሉን አድርቃ ታግዘን ነበር።

የእኛ ጥፋት ቲማቲሙን ከድንቹ አጠገብ፣ ያውም አጠጋግተን መትከላችን ነው። የታመመውን ወዲያው ነቅሎ በፌስታል ቋጥሮ መጣል፣ የታችኛውን ቅጠል ማራገፍ፣ ከበላዩ ዝናብ የሚከለክል ላስቲክ መወጠር፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ቲማቲምም ድንችም አለመድገም፤ የሚረዳው ይኼ ነው። ዳማከሴው እዚያው ጎን ቆሞ ምንም እንዳልነካው ለእማማ ሳሳያቸው፣ «እሱማ ራሱ የምች መድኃኒት አይደል!» ብለው አፌን አስያዙኝ።

«ዓይን በላው»

አንድ ማታ የመጣ እንግዳ የጎመን ችግኞቹን አይቶ «እንዴት ያምራሉ!» አለ። ጠዋት አራቱ ከአፈሩ ልክ ተቆርጠው ተጋድመዋል። ለጊዜው ተጠያቂው እንግዳው ሆነ። ከተቆረጠው ግንድ አጠገብ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ሳደርግ ግን ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚጠቀለል ወፍራም ትል አገኘሁ። ቆራጭ ትል ነው፤ ሌሊት ወጥቶ ይቆርጣል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ባዶ ሃይላንድ በቀለበት በቀለበት ቆርጠን፣ በየችግኙ ዙሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ የተቆረጠ የለም፤ እንግዳውም በነፃ ተሰናብቷል።

«ጉንዳን ጎመኑን እየበላው ነው»

አይበላውም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ክሽክሽ የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት ታገኛላችሁ። ክሽክሹ የቅጠሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ጣፋጭ ነገር ያወጣል፤ ጉንዳኑ ያንን ለመላስ ነው የሚመላለሰው፤ እንደ ላም አላቢ። ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ከቅጠሉ ሥር መርጨትና በሳምንቱ መድገም ይበቃል።

«ጀሪካኑ ሥር ጠጠር ይነጠፍ፣ ውሃ እንዳይቋጥር»

ይኼን እኔም ለስንት ሰው እንደነገርኩ! ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ የሞላው የአፈሩ ክፍል አይጠፋም፤ ጠጠሩ ባለበት ልክ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ሥሩ ድረስ ይመጣል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አርሳችሁ አጋድማችሁ ያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁሙ አዙሩት፤ እንደገና ይፈሳል። አፈርም እንደዚያው ነው፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የላይኛው ክፍል በደንብ ይንጠፈጠፋል፤ ጠጠር ደግሞ ያንኑ ጥልቀት ይቀማል። ሥሩን በደንብ መብሳትና እስከ ታች አፈር መሙላት ነው። ቲማቲም ከሆነ ከባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አትውረዱ።

«የቡና አተላ ምርጥ ማዳበሪያ ነው»

ቤታችን ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል፤ አተላው ሁሉ ሰላጣው ላይ ይገለበጥ ነበር። ላዩ እንደ ቅርፊት ደርቆ ውሃ አላስገባ አለ፤ ሰላጣውም ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ጥሬው አተላ ሲበሰብስ የአፈሩ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይሻማሉ፤ ለተክሉ የሚተርፈው ኋላ ነው። ከደረቅ ቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ብስባሽ ውስጥ ቢገባ ግን ጥሩ ነው፤ ከአጠቃላዩ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ። ቡናው ላይ ጨው ጣል የሚደረግበት ቤት ከሆነ ደግሞ እዚያው ይቅር።

ዩሪያም ከዚህ አይለይም። 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ የተሠራ ነገር ጀሪካን ውስጥ በማንኪያ ሲገባ ሥሩን ያቃጥላል። ባያቃጥል እንኳ ቃሪያው ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ቀትር ላይ ውሃ ካጠጡት ቅጠሉ ይቃጠላል»

ጠብታው እንደ መነጽር ፀሐይ ሰብስቦ ያቃጥላል ይባላል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ፈትነውት ለስላሳ ቅጠል ላይ እንደማይሆን አሳይተዋል። ጠዋት ማጠጣት የሚመረጠው ውሃው ሳይተን ወደ ሥር ስለሚገባ ነው። ማታ ቅጠል ላይ ማርከፍከፍ ነው መጥፎው፤ ከላይ ያልነው ምች የሚወደው እሱን ነው።

«እጄ አያጸድቅም»

ካሮቱ የተጣመመው በእጄ ምክንያት አልነበረም። ችግኝ አፍልቼ ስላዛወርኩት ነው። ካሮት ዋና ሥሩ ከተነካ እንደ ሹካ ይከፈላል፤ ፍሬው እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይዘራል፣ ሲበዛ ይሳሳል። እስኪበቅል ሁለትና ሦስት ሳምንት መታገሥ ነው።

«ከግቢ የተቆረጠ ስለሆነ መታጠብ አያስፈልገውም»

ኬሚካል አልተረጨበትም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የመንገድ አቧራ አለ፤ ቀለሙ የሚላላጥ አሮጌ ግድግዳ ሥር ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ድመት ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስም አለ፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ አቼቶም አይገድለውም። ጎመኑ ሲበስል ያልቅለታል። ጥሬ የሚበላው ሰላጣ ነው በወራጅ ውሃ ቅጠል በቅጠል መታጠብ ያለበት። የእኛ ድመት የቀን እንቅልፏን የምትተኛው ደግሞ እዚያው ሰላጣው መደብ ላይ ነው።