ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሚጠልቁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስኩባን (በአየር ታንክ እየተነፈሱ መጥለቅን) ሞቃት ባሕር ላይ የተማረ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ለመሞከር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሚሊሜትር ልብስ ያስፈልገኛል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፤ ውጭ ላይ በሹራብ የሚታለፈው 12 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲሆን በሹራብ የሚመለስ አይደለም። ደግሞ ሲገባ ሁሉም ጀግና ነው። እኔ የማየው የመጨረሻዎቹን አስር ደቂቃዎች ነው። ቀስ እያላችሁ ስትወጡ፣ ገላችሁ ውስጥ የሟሟው ጋዝ እንዲወጣ 5 ሜትር ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ፣ ጣታችሁ ይታዘዛችኋል ወይ? ልብሱም ዕቅዱም የሚመረጠው ለዚያ ሰዓት ነው።

"ዌትሱት የሚያሞቀው ውስጡ የገባው ውሃ ነው"

ዌትሱት ገላ ላይ የሚጣበቅ፣ ትንሽ ውሃ የሚያስገባ የጠላቂ ልብስ ነው። ይሄን አባባል ከአስተማሪዎችም ትሰሙታላችሁ። ልብሱ ውስጥ የገባውን ስስ ውሃ ሰውነት ያሞቀዋል፣ ያ ውሃ ደግሞ መልሶ ሰውነትን ያሞቃል ይባላል። ውሃው መሞቁስ ይሞቃል፤ የሞቀው ግን በእናንተው ሙቀት ነው፣ ወጪው ከናንተው ነው የወጣው። ብርዱን የሚከላከሉት ኒዮፕሪኑ (ልብሱ የተሠራበት ስፖንጅ መሰል ጎማ) ውስጥ የታመቁት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዌትሱትን የፈጠረው የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነርም የገባው ይሄው ነበር፦ ልብሱ በቂ አየር ከያዘ ገላ የግድ ደረቅ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የሚገባው ውሃ ባነሰና ባልተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሻላል። ልብስ ስትለኩ መስታወት ፊት ቆማችሁ ብቻ አትዩት። ጎንበስ በሉ፣ ቁጢጥ በሉ፣ እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ ዘርጉ። ወገባችሁ ላይ፣ ከመቀመጫችሁ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ልብሱ ከገላችሁ ተላቆ ኪስ ከሠራ በቃ፣ ውሃ ውስጥ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ያ ኪስ ሙቁን እያስወጣ ቀዝቃዛውን ይስባል። አንገትና የእጅ አንጓም እንደዚያው። ልክ የሆነ 5 ሚሊሜትር ከሰፊ 7 ሚሊሜትር ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

ሌላም አለ። አረፋ ይጨመቃል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ነው፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ። ሱቅ ውስጥ 7 ሚሊሜትር የነበረው ልብስ 30 ሜትር ላይ ያን ያህል አይወፍርም። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚቀዘቅዘውም እዚያው ታች ነው። አንዴ ለአጭር ጊዜ ለመጥለቅ 14 ዲግሪ ላይ ጥሩ 7 ሚሊሜትር ከኮፍያው ጋር ይበቃል እላለሁ፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ወይም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምትገቡ ከሆነ፣ ነገሩ ውሃ ጨርሶ ወደማያስገባው ልብስ፣ ወደ ድራይሱት፣ ይሄዳል።

"ድራይሱት ከለበስኩ ብርድ አለቀ"

በጣም የተለመደው የድራይሱት ዓይነት፣ ከስስ ጨርቅ ድርብርብ የሚሠራው፣ የዝናብ ካፖርት ማለት ነው። ውሃ አያስገባም፣ ሙቀትም አይሰጥም። የሚያሞቀው ከስሩ የምትለብሱት ነው። (ከኒዮፕሪን የሚሠራ ድራይሱትም አለ፤ እሱ በራሱ ትንሽ ያሞቃል።) እና ሰው ገንዘቡን ሁሉ ውጭኛው ልብስ ላይ ጨርሶ ከስር የጥጥ ቲሸርትና ቱታ ለብሶ ይገባል። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ አይለቅም፣ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ከምንም አይሻልም። ገላ ላይ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላዩ ወፈር ያለ። ሙሉ ለሙሉ ለብሳችሁ ዚፑን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ወሬ ካወራችሁ በላብ ርሳችሁ ነው የምትገቡት፤ ዚፑ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

ካልሲም አትደርድሩ። ሦስት ካልሲ አጥብቆ በገባ ቦት ውስጥ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፣ አየሩም ተጨፍልቆ ይወጣል፣ እግር ከአንድ ካልሲው ይልቅ ይበርደዋል።

ከዚሁ ጋር የሚነገር አንድ ማስፈራሪያ አለ፦ ድራይሱት ውሃ ከገባበት እንደ ድንጋይ ታች ያወርዳል የሚል። የገባው ውሃ ውጭ ካለው ውሃ ጋር እኩል ይመዝናል፣ ስለዚህ እሱ ራሱ አያሰምጥም። የምታጡት ልብሱ ውስጥ የነበረውን አየርና ሙቀታችሁን ነው፤ አየሩን የመንሳፈፊያ ጃኬታችሁን ነፍታችሁ ትተካላችሁ፣ ሙቀቱን ግን የሚተካ የለም፣ ወዲያው መውጣት ነው። ክብደቱ የሚሰማችሁ መሰላል ስትወጡ ነው። ድራይሱት የራሱ ስልጠና ያስፈልገዋል፤ አየሩ ወደ እግር ሲሄድ ተዘቅዝቆ ወደ ላይ መሳብን የመሰለ ነገር ጉዞው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከርም።

ትሪሚክስ (ሂሊየም የተቀላቀለበት የመተንፈሻ ጋዝ) ለምትጠቀሙ በአጭሩ፦ ሂሊየም ያለበት ጋዝ ልብሳችሁ ውስጥ አታስገቡ። ሂሊየም ሙቀትን ከአየር በስድስት እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል።

"ውሃው 20 ዲግሪ ነው አሉኝ"

የቱ ውሃ? ላይኛው ነው። የበጋ ሐይቅ ላይኛው ክፍል 20 ዲግሪ ሆኖ ጥቂት ሜትር ወረድ ስትሉ በአንዴ ወደ 8 ሊወርድ ይችላል። ያንን ድንበር ጠላቂዎች ተርሞክላይን ይሉታል፣ አንዳንዴ ውሃው ሲርገበገብ በዓይን ይታያል። ጨው አልባ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አገር ባለ ጥልቅ ሐይቅ ግርጌ ክረምት ከበጋ ወደዚያው የተጠጋ ውሃ ተኝቶ ታገኛላችሁ። በረዶ ስር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ላይኛው ይብሳል።

ጉዞ ስታቅዱ የምትጠይቁት እንግዲህ "በዚያ ወር፣ በምጠልቅበት ሜትር፣ ስንት ዲግሪ ነው?" ብላችሁ ነው። መልስ የሚሰጣችሁ ከሌለ የከፋውን ያዙ። አይስላንድ ያለው ሲልፍራ፣ ጠላቂዎች የሚሄዱበት ውሃ የሞላው የመሬት ስንጥቅ፣ በዚህ ረገድ አያሳስትም፦ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፣ ሰው የሚገባውም በድራይሱት ነው።

"አብዛኛው ሙቀት የሚወጣው በጭንቅላት ነው"

አይደለም። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከገላው ቆዳ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚያወጣው ሙቀትም ያንን ያህል ነው። ወሬው የመጣው ሰዎች ሙሉ ገላቸውን ሸፍነው ራሳቸውን ብቻ ገልጠው ከተለኩበት የቆየ ወታደራዊ ሙከራ ነው ይባላል፤ የተገለጠው እሱ ብቻ ከሆነ ሌላ በየት ይውጣ? ኮፍያው ግን አይቀርም። ቀዝቃዛ ውሃ ግንባር ላይ ሲያርፍ ያለው ሕመም አንድ ነገር ነው፤ ካንዱ ጆሮ ቀድሞ ሲገባ ደግሞ ላይና ታቹ እስኪጠፋችሁ ድረስ ያዞራል።

"ሬጉሌተር ያው ሬጉሌተር ነው"

ሬጉሌተር የታንኩን አየር ግፊት ቀንሶ ለመተንፈስ የሚያቀርብላችሁ መሣሪያ ነው። ብርድ ያስቸግራል፣ ይሄኛው ግን አየራችሁን ይጨርሳል። 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የነበረ አየር ወደ 10 ባር ገደማ ሲወርድ በኃይል ይቀዘቅዛል፣ ብረቱ ከዜሮ በታች ይገባል፣ ዙሪያው ያለው ውሃ በረዶ ይሠራል። ከዚያ ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይቀርና አየሩ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ታንክ በደቂቃዎች ይራቆታል። የአውሮፓው ኢኤን 250 መስፈርት ከ10 ዲግሪ በታች ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ብሎ ይለየዋል፤ ለዚያ ያልተፈተነ ሬጉሌተር "ከ10 ዲግሪ በላይ" የሚል ምልክት አለው። የራሳችሁን ገልብጣችሁ እዩ። የምትከራዩ ከሆነም ሳታፍሩ እዩ።

አጠቃቀሙም ለውጥ አለው። ውጭ አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ውሃ ውስጥ ሳትገቡ አትተንፍሱበት፣ ለመሞከር ብላችሁም አየር መልቀቂያ ቁልፉን አትጫኑ። ልብስና ጃኬት ስትነፉ አጭር አጭር፣ እየተነፈሳችሁም አይሁን። በጣም ሲቀዘቅዝ ሁለት ሬጉሌተር በሁለት የተለያዩ ቫልቮች ላይ ይታሰራል፣ አንዱ ሲበላሽ እሱን ዘግቶ በሌላኛው ለመውጣት።

"እኔ ብርድ አልፈራም፣ ይለመዳል"

የሚለመደው መጀመሪያ ሲገቡ ትንፋሽ የሚቆራርጠው ድንጋጤ ነው። ደጋግሞ የገባ ሰው እሱ ይቀልለዋል። ሙቀት ማጣቱ ግን በወኔ አይቆምም። ቀድሞ የሚከዳው እጅ ነው። ጓንታችሁን አጥልቃችሁ መሬት ላይ ተለማመዱ፦ የእርሳስ ክብደቱን ማላቀቅ፣ መንጠቆ መክፈት፣ የልብሱን ቫልቭ መጫን። ውሃ ውስጥ ደግሞ በየጊዜው አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣታችሁ ጋር አገናኙ። እምቢ ካለ፣ ወይም ማቆም የማትችሉት መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ፣ ጓደኛችሁን ምልክት ሰጥታችሁ ውጡ። ስንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር የሚባል ነገር የለም።

"በባትሪ የሚሞቀውን ጃኬት ከመጀመሪያው ላብራው"

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላቂዎች የሙከራ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ጠላቂዎቹን 36 እና 27 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እያቀያየረ አየ። በዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም ሲወጡ ገላ ውስጥ የሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ በሚያመጣው ሕመም፣ በጣም የታመሙት ታች ሞቋቸው ሲወጡ የበረዳቸው ናቸው። ሰውነት ሲሞቅ ደም በብዛት ስለሚዘዋወር ናይትሮጅን በብዛት ይገባል፤ ሲበርድ ሥሮቹ ይጠባሉና የገባው በቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ማሞቂያው ለመውጫው ይቆይ። ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ ሳይሠራ ቢቀር እንኳ በሰላም ጠልቃችሁ የምትወጡበትን ዕቅድ ብቻ አውጡ። ወጥታችሁ ወዲያው የሚያቃጥል ሻወር ውስጥ አትግቡ፣ ቆዳ በድንገት ሲሞቅ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል። ደረቅ ልብስ፣ ከነፋስ መከለል፣ ትኩስ መጠጥ። አልኮል አይደለም! እሱ የቆዳ ሥሮችን ከፍቶ የሞቃችሁ ያስመስላችሁና ሙቀታችሁን ያስወጣዋል።

"ታንኩ ጎድሎ ነው የሰጡኝ"

ላይሆን ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ 200 ባር የነበረ ታንክ 4 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳይነካው 190 ባር አካባቢ ያሳያል። የበረደው ሰው ደግሞ አብዝቶ ይተነፍሳል። ሞቃት ባሕር ላይ በ50 ባር መውጣት የለመደ ሰው እዚህ ቀደም ብሎ ይመለስ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠልቅም ሰዓቱን ከመጀመሪያው ያሳጥር፤ እርጥብ ኒዮፕሪን ለብሶ ነፋስ ላይ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሁለተኛውን የሚጀምረው በርዶት ነው።