ዘበኛ የሌላት ከተማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አንድ ወጣት አለ። ስሙን አልጠራም። ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁ። ልጅ ሳለ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይወጣው ነበር። ዘንድሮ 23 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጠበቀኝና፣ «መምህር፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ሦስተኛው መስመር ሳልደርስ ሐሳቤ ይበተናል። ሰው ሲያናግረኝም ያልሆነ ነገር ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የምነቃው» አለኝ።

እኔም ቸኩዬ «ፈተና ነው፤ ስግደት ጨምር» አልኩት። ስግደቱ ክፉ ምክር አይደለም። ግን ምንም አልጠየቅኩትም ነበር። ቆይቶ ራሱ ነገረኝ። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ከሰፈር ልጆች ጋር፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እስኪወድቅ ይጠጣ ነበር። ከጫት በኋላ ጨብሲ፣ ከድራፍት በኋላ አረቄ። ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። «ንስሐ ገባሁ፤ ጭንቅላቴ ግን አብሮኝ አልገባም» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጠቢቡ «ቅጥር እንደሌላት እንደ ፈረሰች ከተማ፥ መንፈሱን የማይከለክል ሰው እንዲሁ ነው» ይላል (ምሳ. 25፥28)። ይህን ቃል ስለ ቁጣ ስናስተምር እንጠቅሰዋለን። ለመጠጥም ይሠራል። ቅጥር በአንድ ቀን አይቆምምና። «ቆይ፣ ረጋ በል» የሚለን፣ ሐሳባችንንም ሰብስቦ የሚይዝልን በአብዛኛው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ስናማትብ ጣታችን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ይህ ክፍል ከሌሎቹ ዘግይቶ ይበስላል። እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ግንባታው አያልቅም። ደስታን የሚያሳድደው ክፍል ግን ቀድሞ ይደርሳል። የ16 ዓመት ልጅ እንግዲህ ገበያዋ የደራ፣ ዘበኛ ግን ገና ያልተቀጠረላት ከተማ ነው።

ሐኪሞች «በአንድ መቀመጫ ከልክ ያለፈ» የሚሉት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ለአዋቂ ወንድ 5፣ ለሴት 4 ቢራ ያህል መጠጣትን ነው። ሰውነቱ ላልጠና ልጅ ከዚያም ያንሳል። (እኛ ሰፈር 5 ቢራ «ሞቅታ» ነው የሚባለው።) በአሜሪካ ከ12 እስከ 21 ዓመት የሆኑ ከ800 በላይ ወጣቶችን፣ የአንጎላቸውን ምስል ዓመት በዓመት እያነሡ፣ የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። በዚያ ዕድሜ አንጎል የማያስፈልገውን እየከረከመ ራሱን ያስተካክላል። አብዝተው መጠጣት በጀመሩት ላይ ግን በግንባር በኩል ያለው መከርከም ከልክ በላይ ፈጥኖ ተገኘ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ታዳጊዎችን መጠጥ ሳይጀምሩ ፈትኖ፣ ከዓመታት በኋላ መልሶ ፈተናቸው። ከወንዶቹ መካከል ሀንጎቨር የበዛባቸው፣ በአንድ ነገር ላይ ትኩረታቸውን አጽንተው መቆየት ይበልጥ ከብዷቸው ነበር።

ሁሉንም በመጠጥ አላሳብብም። ከመጀመሪያውም ራሱን መግታት የሚከብደው ልጅ ቀድሞ ወደ ብርጭቆው ይሄዳል፤ ብርጭቆው ደግሞ የቀረችውን ልጓም ያላላበታል። «እከሌ እኮ አይሰክርም፤ አንጀቱ ጠንካራ ነው» እያልን የምናደንቀው ነገር ግን ያስፈራኛል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ጉርምስና ላይ ያሉት ከአዋቂዎቹ ይልቅ ዘግይተው ይደክማሉ፣ ዘግይተው ይንገዳገዳሉ። ሰውነቱ «በቃ» ሳይለው የሚጠጣ ልጅ አብዝቶ ይጠጣል። ሰሎሞን የሰካራሙን ቃል እንዲህ ጽፎታል፦ «መቱኝ፥ አላመመኝም» (ምሳ. 23፥35)። ያላመመው ስላልተመታ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ልጁን ማን አስጀመረው? በሕጋችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። እኛ ግን አንሸጥለትም፤ በነጻ ነው የምንሰጠው። በዝክር ቀን፣ በጥምቀት፣ «ጎረመሰ እኮ፣ አንድ ጣሳ ቅዱለት» የምንለው እኛው ነን። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እያልን እንተርታለን። ብቅል ዘበኛውን እንደሚያስተኛ አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እና ዘበኛው ገና ላልተቀጠረለት ልጅ ጣሳ የምንሞላው ምን ብለን ነው? የቃናን ወይን ወይም ለጢሞቴዎስ የተባለውን ጥቂት የወይን ጠጅ የሚያነሣብኝ አይጠፋም። እኔም አልክድም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ቲቶን ሲያዝ ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች ብዙ ዘረዘረ፤ ጎበዞች ጋ ሲደርስ «ራሳቸውን እንዲገዙ ምከራቸው» አለ (ቲቶ 2፥6)። ለእነሱ ያስቀደመው ይህን ነው።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከሠራ በኋላ የሰጠው ትእዛዝ አለ። ፀሐይ እስኪሞቅ በሮቹ አይከፈቱ አለ (ነህ. 7፥3)። ንጋት ላይ የተከፈተ በር ጠላትን በእንቅልፍ ሰዓት ያስገባል። ለልጆቻችን የምንለምነው ይህችን መዘግየት ነው። ለሁልጊዜ ባይሆን እንኳ ፀሐዩ እስኪሞቅ።

ለፈረሰበትስ? ነህምያ ቅጥሩን የሠራው በ52 ቀን ነው፤ ያውም ከፍርስራሹ በተለቀመ ድንጋይ። መጠጥ ሲቆም ከጠፋው ችሎታ አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ያንን ወጣት ስግደት ጨምር ማለቴን ተውኩ። የንስሐ አባቱም ቀኖናውን አሳጠሩለት። በቀን አንድ መዝሙር፣ ቆሞ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ። እንቅልፉንም አስተካከለ። ሐኪም ጋም ሄዷል፤ ይህን የሚያሳፍር አድርገን አንየው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ አገኘሁት። «እንዴት ነበርክ?» አልኩት።

«እስከ ወንጌሉ ድረስ ነበርኩ፣ መምህር» አለኝ። «ከዚያ ጠፋሁ። ዲያቆኑ ‹ንነጽር›፣ እንመልከት፣ ሲል ተመለስኩ።»