የትንንሽ ተማሪዎችን ቀልብ ክፍል ውስጥ መያዝ

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ እርሳስ ይቀርጻል፣ አንዷ ከጎኗ ካለችው ጋር ትንሾካሾካለች፣ ሌላው ዓይኑ መምህሩ ላይ ተተክሎ ልቡ ግን ደጅ ነው። ብዙ ጊዜ ይሄን የጸባይ ጉዳይ እናደርገዋለን። እኔ ግን ከልጆቹ ይልቅ የትምህርቱ አካሄድ ነው የሚወስነው እላለሁ።

ጄኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ክፍላቸው የሚረጋላቸውንና የማይረጋላቸውን መምህራን ሲያነጻጽር፣ ልጅ ካጠፋ በኋላ በሚቆጡት ቁጣ ብዙም እንደማይለያዩ አየ። ልዩነታቸው ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። ጎበዞቹ ሰሌዳ ላይ እየጻፉም ከኋላቸው የሚሆነውን ያውቃሉ፤ ልጆቹም ይሄን ያውቃሉ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ክፍተት አይተዉም። ወረቀት እስኪታደል ያለችው ሁለት ደቂቃ ስንቱን ክፍል አተራምሳለች!

ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ደግሞ የአሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ የሜሪ በድ ሮው ግኝት እስካሁን ይገርመኛል። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያስረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ «ደካማ» የተባሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ። ምንም ወጪ የለውም፣ ዝም ማለት ብቻ ነው። ስም መጥራቱም ከጥያቄው በኋላ ይሁን። መጀመሪያ ስም ከተጠራ የቀሩት ሁሉ «እኔን አይደለም» ብለው ያርፋሉ። ፍራንክ ላይማን የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴም እዚሁ ላይ ያርፋል፦ ልጁ መጀመሪያ ለብቻው ያስባል፣ ከጓደኛው ጋር ይወያያል፣ ከዚያ ለክፍሉ ይናገራል።

የተበተነ ክፍል ለመሰብሰብ መምህሩ በምት ያጨበጭባል፣ ልጆቹ ተቀብለው ይመልሳሉ። ድምፅ ዝቅ ማድረግም ይሠራል። ልጆቹን ብድግ አድርጎ ማንጠራራትም እንዲሁ። የሚያወራ ልጅ ካለ ማስተማሩን ሳያቋርጡ አጠገቡ ሄዶ መቆም በስሙ ከመጮህ ይሻላል፤ ልጁም አያፍርም፣ ሌሎቹም አይረበሹም።

ግድግዳውን በሥዕል ማጨናነቅ ግን ልብ ይባል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሥዕል በተሞላ ክፍልና ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል ተማሩ። ከትምህርቱ በኋላ በተሰጠው ፈተና ልጆቹ በባዶው ክፍል ከተማሩት ትምህርት ከወጡት ጥያቄዎች 55 በመቶ፣ በተሞላው ከተማሩት ከወጡት ደግሞ 42 በመቶ ያህሉን ነበር በትክክል የመለሱት። ሁሉም ይነቀል ማለቴ አይደለም፤ ሰሌዳው ዙሪያ ያለው ቢቀል ግን ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቀልቡ የማይሰበሰብ ልጅ ካለ፣ እባካችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡትና እዩት። ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፣ ጆሮው አይሰማለት ይሆናል፣ ሌሊቱን አልተኛም ይሆናል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ይሄን ራሱ መጥቶ አይነግራችሁም።